ካሴቱ ሳይበጠስ፣ ስሙ ሳይጠፋ
በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ብርቅዬና ያልታተሙ ቅጂዎችን ለማዳን የሚረዳ መመሪያ

በ1977 ዓ.ም. ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻቸው ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀዱ። ስሙ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ከዚያም ከገበያ ጠፋ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሙዚቀኛውንም አፈላልጎ ስልክ ደወለላቸው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። ካሴቱ በፈቃዳቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

ሺምኮዊትዝ ሊደውል የቻለው በካሴቱ ሽፋን ላይ ስም ስለነበረ ነው። በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በጎርጎራ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን ቤቶች ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ሥር ያሉት ብዙ ካሴቶች ግን ስም የላቸውም። የሠርግ ቤት አዝማሪ፣ የቀበሌ ኪነት ልምምድ፣ ወደ አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ተልኮ ሳይታተም የቀረ የድምፃዊ መሞከሪያ፣ ወጣቶች በቤት ቴፕ የቀዱት ዘፈን ወይም የራፕ ሙከራ ሊሆኑ ይችላሉ። ክሩ በጥንቃቄ ከተያዘ ገና ዓመታት ይቆያል። የሚቸኩለው ሌላ ነገር ነው፤ ድምፁን ሰምቶ «ይህ እገሌ ነው፣ ማሲንቆውን የያዘው እገሌ ነው» የሚል ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከሰው ይጀምራል፤ ማሽኑ በኋላ ይመጣል።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ይዘርዝሩ

አንድ ደብተር ይግዙና ካሴት ከመፈለግዎ በፊት የሰው ዝርዝር ይጻፉ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ ጎጃም የግሽ ዓባይ ኪነት፣ ጎንደር የፋሲለደስ ኪነት ነበረው። በእነዚህና በእነሱ ሥር በነበሩ ቡድኖች ውስጥ የዘፈኑ፣ የተወዛወዙ፣ ክራር የመቱ፣ ድምፅ ማጉያ ያስተካከሉ ሰዎች ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ዝርዝርዎ በእነሱ ይጀምር። ቀጥሎ አዝማሪዎችን፣ የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤቶችን፣ የቴፕና የሬዲዮ ጠጋኞችን፣ የቆዩ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጺዎችን፣ በጣና ላይ የሠሩ የጀልባ ሠራተኞችን ይጨምሩ።

ከሁሉም አስቀድመው በዕድሜ የገፉትን ያነጋግሩ። ሲሄዱ ካሴት ልግዛ ብለው አይጀምሩ። «ጋሼ፣ ያኔ እነማን ነበሩ የሚዘፍኑት? ማን ይቀዳ ነበር? ቴፕ የነበረው ማን ቤት ነው?» ብለው ይጠይቁ። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከየትኛውም ገበያ የበለጠ መንገድ ያሳያሉ። ቴፕ ሪከርደር በሰፈሩ ውስጥ ጥቂት ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የማን ቴፕ ሠርግ ላይ እንደተዋሰ ሰፈሩ በሙሉ ያስታውሳል። የሚነግሩዎትን ስም ሁሉ ከእነ አባት ስሙ፣ ከእነ መሣሪያውና ከእነ ሰፈሩ ይመዝግቡ።

2. የት እንደሚፈልጉ ይወቁ

የቀድሞዎቹ ሙዚቃ ቤቶች ካሴት መሸጥ ብቻ ሳይሆን ይቀዱም ነበር። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ማታ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሱቅ ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ቢሸጥም ባለቤቱ ማዘር ካሴቶቹን፣ ማለትም ይቀዳባቸው የነበሩትን ዋና ቅጂዎች፣ በካርቶን አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይጠይቁት።

የሠርግ ቅጂ የሚገኘው ከሙሽሮቹ ወይም ከሚዜዎቹ ቤት ነው። በዚህ አገር ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ «በየትኛው ጥር ተጋባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን በቀላሉ ያወጣዋል።

በጣና ዳርቻ ታንኳ እየሠሩና እየቀዘፉ የኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የራሳቸው ዘፈን አላቸው። በቤታቸው የተቀዳ ካሴት ካለ የእነሱ ነው፤ ይዘውት እንዲቆዩ ይርዱ፤ ካሴቱን ከቤታቸው አይውሰዱ። በደሴቶቹና በዘጌ ገዳማት ያለ የዜማ፣ የቅዳሴ ወይም የቅኔ ቅጂ ደግሞ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ያለ አበ ምኔቱና ያለ መምህሩ ፈቃድ መቅረጫ አይክፈቱ፤ የተፈቀደልዎትም ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ ለሌላ ሰው አያጋሩ።

3. በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ካሴት በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው በፋብሪካ ታትሞ ከእነ ሽፋኑ የተሸጠ ኦሪጅናል ነው። እንደ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ታንጎና ሱፐር ሶኒክ ያሉ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሟቸው ካሴቶች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ከኦሪጅናል የተቀዳ ኮፒ ነው። ሦስተኛው በመድረክ፣ በሠርግ፣ በጠጅ ቤት ወይም በቤት ውስጥ የተቀዳ የቀጥታ ቅጂ ነው። አራተኛው ለማሳተም ታስቦ በስቱዲዮ ወይም በቤት የተቀዳና ሳይታተም የቀረ መሞከሪያ ነው።

ሰብሳቢዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በአንደኛው ላይ ነው። ለአካባቢው ታሪክ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም የታተመ ካሴት በመቶና በሺህ ተባዝቶ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ የሠርግ ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ኮፒንም አይናቁ። ኦሪጅናሉ ከጠፋ ኮፒው ብቸኛው ማስረጃ ይሆናል።

በዓለም ላይም ይኸው ሆኗል። ኬ.ኤም.ዲ. የተባለው የኒው ዮርክ የሂፕ ሆፕ ቡድን ሁለተኛ አልበሙን ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካዊው አሳታሚ ኤሌክትራ በሽፋኑ ሥዕል በተነሣ ውዝግብ ሳያወጣው ቀረ። አልበሙ በሕጋዊ መንገድ እስከ እ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መግቢያ ድረስ ገበያ ላይ አልዋለም። በእነዚያ ዓመታት ሥራውን በሕይወት ያቆየው አድማጮች ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበሉት ኮፒ ነው። እነዚያ አድማጮች ግን የማን ሥራ እንደያዙ ያውቁ ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዱ በኋላ ኤም.ኤፍ. ዱም ተብሎ በዓለም ሲታወቅ የጥንቱ ካሴት ባለቤት አላጣም። በጣና ዙሪያ የጎደለው ይህ የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ ነው።

4. ሳያጫውቱ ይመርምሩ

ካሴት እጅዎ እንደገባ ወደ ቴፕ አይክተቱት። መጀመሪያ ከላይኛው ጠርዝ በስተኋላ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መከለያዎች ይመልከቱ። መከለያዎቹ ካልተሰበሩ በካሴቱ ላይ እንደገና መቅዳት ይቻላል፤ አንድ ቁልፍ በስሕተት ቢጫን ቅጂው ይጠፋል። ባለቤቱን አስፈቅደው ሁለቱንም ይስበሯቸው። ወደፊት መቅዳት ካስፈለገ በፕላስተር ይሸፈናሉ።

ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ክሩን ይዩ። የባሕር ዳር አየር በክረምት እርጥበት ይበዛዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ካሴት ሻጋታ ያበቅላል። በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት መሰል ነገር ካዩ ካሴቱን ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። የሻገተ ካሴት ካጫወቱ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው፣ ከማጫወቻው ደግሞ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይተላለፋል። ሲያጸዱት ውጭ ሆነው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ።

ከታች ባለው ክፍት ቦታ መካከል ክሩን ወደ ማንበቢያው የሚገፋ ትንሽ የሱፍ ንጣፍ አለ። ሙጫው ደርቆ ወድቆ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ይቆራረጣል። መፍትሔው ክሩን ወደ ሌላ ጤናማ የካሴት ቤት ማዛወር ነው። በብሎን የታሠረ ካሴት በአምስት ትናንሽ ብሎኖች ይከፈታል። በሙጫ የተጣበቀው ግን በቀጭን ቢላ በጥንቃቄ መሰንጠቅ ስላለበት መጀመሪያ ዋጋ በሌለው ካሴት ይለማመዱ። ሲከፍቱ ከመገልበጡ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ክሩ በየትኛው መንኮራኩር በየት በኩል እንደሚያልፍ ፎቶው ያስታውስዎታል።

ክሩ ከተበጠሰ በተራ ፕላስተር አይጠግኑት። የፕላስተሩ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ይፈስና የጎረቤት ክሮችን ያጣብቃል። ለካሴት የተሠራ መጠገኛ ፕላስተር ይፈልጉ፤ ድምፅ በማይነካው የጀርባ ገጽ በኩልም ይለጥፉት።

በሽፋኑ ወይም በካሴቱ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይዩ። የ60 ደቂቃው ክር ወፍራምና ጠንካራ ነው። የ90ው ይሳሳል። የ120ው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይጠመጠማል፣ ይለጠጣል። በ120 ካሴት ላይ ደጋግመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይሩጡ።

በመጨረሻም እስክሪብቶ ወይም እርሳስ በመንኮራኩሩ ጥርስ ውስጥ አስገብተው ቀስ ብለው ያዙሩ። በነፃ የሚዞር ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ሄዶ ይመለስ። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ክር በዚህ መንገድ ሲጠቀለል ውጥረቱ ይስተካከላል።

5. ማጫወቻውን ያዘጋጁ

በርካሽ የሚሸጡ ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚሰኩ ትናንሽ ማጫወቻዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል። ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚገናኝ የቆየ የካሴት ዴክ ወይም ጥሩ ትልቅ ቴፕ ይፈልጉ። ቺንጋው ከላላ ዘፈኑ ይጎተታል፤ ስለዚህ የቴፕ ጠጋኝ ወዳጅ ያብጁ። በከተማው ይህን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሥራቸውን በክፍያና በአክብሮት ያቆዩት።

በየሁለትና ሦስት ካሴቱ ማንበቢያውን ሄድ፣ ክሩን የሚጎትተውን ብረትና የጎማውን ሮለር ያጽዱ። ለብረቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክረው ይጥረጉ። ጎማውን አልኮል ሊያደርቀው ስለሚችል በጥቂቱ ይጠቀሙ ወይም በለሰለሰ ሳሙናማ ውኃ አጽድተው በደንብ ያድርቁ። ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ ይቀጥሉ። አልኮሉ ሳይደርቅ ካሴት አያስገቡ።

በሌላ ቴፕ የተቀዳ ካሴት በእርስዎ ማጫወቻ ላይ ታፍኖ ሊሰማ ይችላል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሁለቱ ማሽኖች ሄድ በተለያየ ማዕዘን መቆሙ ነው። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂት እያዞሩ በማዳመጫ ያዳምጡ። የጸናጽሉ፣ የጭብጨባውና የ«ስ» ድምፅ ይበልጥ ጥርት ያለበት ቦታ ትክክለኛው ነው። የመነሻውን ቦታ በማርከር ምልክት አድርገው ይጀምሩ። ለቀጣዩ ካሴት እንደገና ማስተካከል ይኖርብዎታል።

ዶልቢ የሚለው ቁልፍ በዚያው ስልት ላልተቀዳ ካሴት መዘጋት አለበት። በቤትና በሠርግ የተቀዱ ካሴቶች ላይ ዶልቢ ከከፈቱ ሹክሹክታውን ብቻ ሳይሆን የማሲንቆውን ጥራትም ይወስደዋል።

6. ወደ ኮምፒውተር ይቅዱ

ከዴኩ የመውጫ ቀዳዳ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ገመድ ይዘርጉ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ለዚህ አይመከርም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይቀበላል፣ ድምፁንም ያፈርሰዋል። ሁለት ጎን የሚቀበል የውጭ የድምፅ ካርድ ቢኖርዎት ይሻላል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለሥራው በቂ ነው።

ቅንብሩ እንዲህ ይሁን፦ ዋቭ ፋይል፣ 24 ቢት፣ ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርዝ፤ ቦታ ካለዎት 96። የዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር የሚመክረው ይህንን ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝ የአንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ሁለት ገጽ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኤም.ፒ. 3 ለመላክና ለማዳመጥ ይሠራል፤ ለመጠበቅ ግን አይሆንም፤ የጣለውን ድምፅ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የድምፁን ከፍታ ሲያስተካክሉ እልልታና ጭብጨባ ድንገት እንደሚፈነዳ ያስቡ። ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ዴኩን ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት። አንድ ገጽ ካለቀ በኋላ ፋይሉ መቀመጡን አረጋግጠው ሌላውን ያዙሩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አያቁሙ። በሠርግ ካሴት ላይ በዘፈኖች መካከል የሚሰማው ንግግር፣ የሚጠራው ስም፣ «ተቀበል!» እያለ ግጥም የሚሰጠው ሰው ድምፅ ከዘፈኑ እኩል ዋጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ ያልተጻፈው ስም የሚገኘው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል ምንም አያጽዱት፣ ሹክሹክታውንም አያንሡ። ማስተካከል ካማረዎት በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሥሩ።

ድምፃዊው እንደ ልጅ ቀጥኖ፣ ምቱም ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከተሰማዎት ሲቀዳ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ደካማ ባትሪ ክሩን በቀስታ ስለሚያስኬድ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል። ቴፑ በመብራት የተሠራ ከሆነ ከበስተኋላ የሚሰማው የኤሌክትሪክ እምምታ ይረዳዎታል። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ ማጫወቻዎ ትክክል ሆኖ እምምታውን 53 ላይ ካገኙት ቅጂው 6 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። ማስተካከያውን በሁለተኛው ቅጂ ላይ ያድርጉ፤ ስንት እንዳስተካከሉም ይጻፉ።

7. መዝገቡን ይጻፉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጊዜዎንም እዚህ ያውሉት። ለእያንዳንዱ ካሴት አንድ ገጽ ይስጡ። የካሴቱን ሁለት ጎን፣ የሽፋኑን ውስጥና ውጭ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ እነዚህን ይመዝግቡ፦

• የባለቤቱ ስምና ካሴቱ እንዴት እጁ እንደገባ
• የተቀዳበት ቦታ፣ ቤት ወይም መድረክ፣ ምክንያቱ
• የድምፃዊው፣ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የከበሮ ተጫዋቾች ስም፤ ግጥም የሰጡ ሰዎችም ከታወቁ
• የእያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ፣ በየትኛው ቅኝት እንደተዘፈነ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ
• ስሙን ማን እንደነገረዎትና መቼ እንደነገረዎት

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። «ድምፃዊው እገሌ ነው» የሚል መዝገብ ያለ ምስክር ወሬ ነው። ሁለት ሰዎች የተለያየ ስም ከሰጡ ሁለቱንም ይጻፉ፤ እርስዎ አይፍረዱ።

ዘመን ሲመዘግቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ሳይለዩ አይለፉ። በአንድ ሽፋን ላይ «1985» የሚል ቢያዩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው፤ በአውሮፓ ከሆነ ደግሞ በደርግ ዘመን መካከል ይወድቃል። በሁለቱ መካከል አንድ ሥርዓት ተለውጧል። ዓመቱ ካልተጻፈ በትልልቅ ክንውኖች ይጠይቁ፦ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በፊት ነው ወይስ በኋላ? የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲነሣ ካሴቱ ነበረ? ከሚሌኒየሙ በፊት ነው? የበኩር ልጅ ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበር? ሰው ዓመቱን ቢረሳም የልጁን ክፍል አይረሳም።

ካሴቱን ያዳመጡትን አዛውንት ድምፅ ራሱን ይቅዱ። ፈቃድ ጠይቀው ስልክዎን መሐል ያስቀምጡ፤ ዘፈኑን ከፍተው ያስደምጧቸው። «ይህችን ግጥም የሰጠው እኮ…» ብለው ሲጀምሩ አያቋርጧቸው። ይህ ቃለ መጠይቅ ከካሴቱ ፋይል ጋር አንድ ላይ ይቀመጥ።

8. «አልታተመም» ከማለትዎ በፊት ያጣሩ

አንድ ቅጂ ብርቅ መሆኑን መናገር ቀላል ነው፤ ማረጋገጥ ግን ሥራ ይጠይቃል። ድምፃዊውን ወይም ቤተሰቡን፣ አብረውት የተጫወቱትን፣ ሙዚቃ ቤት የነበራቸውን ሰዎች ይጠይቁ። አንዳንድ ዘፈን በአንድ ስም ሠርግ ላይ ተዘፍኖ በሌላ ርእስ ታትሟል፤ ስለዚህ በርእሱ ብቻ አይፈልጉ፣ በግጥሙ መነሻና በዜማው ያነጻጽሩ። የሕዝብ ዜማ ከሆነ ብዙ ድምፃውያን እየተቀባበሉ ዘፍነውት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ብርቅ የሚሆነው ዘፈኑ ሳይሆን ይህ አዘፋፈን ነው። በሬዲዮ ተላልፎ እንደሆነም የቆዩ ጋዜጠኞችን ይጠይቁ። እስኪያጣሩ ድረስ «መታተሙ አልተረጋገጠም» ብለው ይመዝግቡ።

9. ባለመብቱን ያነጋግሩ

ካሴቱን መያዝና የሥራው ባለቤት መሆን የተለያዩ ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከዋኙም፣ ድምፁን የቀዳው አሳታሚም ለ50 ዓመት ይጠበቃሉ። ስለዚህ በ1985 ዓ.ም. ሠርግ ላይ የዘፈነ አዝማሪ መብቱ ገና በእጁ ነው፤ ከሞተም ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። አዋጁ የታተመን ሥራ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማድረግን አይከለክልም። ማሰራጨት፣ መሸጥና በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ግን ፈቃድ ይፈልጋል።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የትኛው ካሴት፣ የትኞቹ ዘፈኖች፣ ለምን ዓላማ፣ ለስንት ጊዜ፣ ገቢ ካለ ድርሻው ስንት፣ ስሙ እንዴት ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ይመስክር። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ሁሉንም ያግኙ።

በሠርግና በጠጅ ቤት ቅጂ ውስጥ ለሕዝብ ያልታሰበ ነገርም አለ። አዝማሪ በሰምና ወርቅ የሰደበው፣ ያወደሰው ወይም ገመናውን ያወጣው ሰው ዛሬም በሰፈሩ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ክፍል በመጠበቂያ ፋይሉ ላይ ሙሉ ያኑሩት፤ ለሕዝብ በሚወጣው ግን የሚመለከታቸውን ሳያስፈቅዱ አያሰሙ።

10. ያስቀምጡ፣ ይመልሱ፣ ያስረክቡ

ፋይሉ ሦስት ቦታ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት መያዣ፤ አንዱም ከከተማው ውጭ። አንድ ሃርድ ዲስክ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማከማቻ ቢሆን ይበቃል። ፍላሽ ለረጅም ጊዜ አይታመንም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሁሉንም ከፍተው ይሞክሩ።

ካሴቱ ራሱ እንዲቆም ተደርጎ በሳጥኑ ውስጥ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ከድምፅ ማጉያ ማግኔትም ርቆ ይቀመጥ። እርጥበት ያለበትን ካሴት በላስቲክ ጠቅልለው አይዝጉት። ከጫማና ከመድኃኒት ካርቶን የሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ገና ያልረጠቡ ከሆኑ ይጠቅማሉ።

ካሴቱን ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ከእሱ ጋር ስልክ ላይ የሚከፈት ቅጂ ይስጡ። ለዘፋኙ ወይም ለልጆቹም እንዲሁ። ባለመብቶቹ ከተስማሙ ከእነ መዝገቡ አንድ ቅጂ ለተቋም ያስረክቡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ በከተማው ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እንዲሁም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። ሲያስረክቡ ማን ሊያዳምጠው እንደሚችል በጽሑፍ ያስፍሩ፤ የተቀባዩንም ፊርማ ይያዙ።

ከየት ልጀምር ካሉ

ዴክ ባይኖርዎት፣ ገመድ ባይኖርዎት፣ ገንዘብ ባይኖርዎትም 1ኛውንና 7ኛውን ደረጃ ዛሬ መሥራት ይችላሉ። በሰፈርዎ የኪነት አባል የነበረ ወይም በብዙ ሠርግ ላይ የዘፈነ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ከእሱ ጋር የዘፈኑትን ሁሉ ስማቸውን ጠይቀው ይጻፉ። ዴክ ነገም ይገዛል፣ ቺንጋ ነገም ይለወጣል፤ ስም የሚነግርዎት ሰው ግን ነገ ላይኖር ይችላል። በጣና ዙሪያ ያለ አንድ ካሴት እንደ «ሸሞንሟናዬ» ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ከፈለጉ፣ ስልክ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ይጻፉ።